ከፍትፍቱ ፊቱ

ሰው እጁንና እግሩን ያያል፤ ፊቱን ግን ያለ መስተዋት አያይም። ዘወትር የሚያዩት ሚስቱና ልጆቹ፥ ጎረቤቱና ባልንጀራው፥ በደጁም የሚቆመው ችግረኛ ናቸው። ሌላውን ሰውነታችንን በልብስ ሸፍነን ፊታችንን ገልጠን መሄዳችን ለዚሁ ይመስላል፤ የተሰጠው ለእኛ ቢሆንም ጥቅሙና ጉዳቱ አስቀድሞ የሚደርሰው ለሚያየን ሰው ነውና። አባቶቻችን እንግዳ መቀበልን ሲያስተምሩ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ማዕዱ ሙሉ ሆኖ የጋባዡ ግንባር የተቋጠረ እንደ ሆነ እንግዳው ጕርሻው በጕሮሮው አልወርድ ይለዋል። ቈሎና ውኃ ብቻ ያቀረበች ድኻ ግን ፊቷ የፈካ እንደ ሆነ የበላው ሰው ጠግቦ፥ መርቆ ይሄዳል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም የሰውን ፊት ቸል ብለው አያልፉትም። ቃየል በወንድሙ ላይ በተቈጣ ጊዜ እጁ ከመነሣቱ አስቀድሞ ፊቱ ጠቍሮ ነበር፤ እግዚአብሔርም የጠየቀው ስለዚሁ ስለ ፊቱ ነው (ዘፍ. ምዕ. 4)። ያዕቆብ የአማቱን የላባን ልጆች ሐሜት ሰምቶ ሳለ፥ ለሚስቶቹ የነገራቸው ግን በአባታቸው ፊት ላይ ያየውን ለውጥ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የዮሴፍ ነገር ያስደንቃል። ወንድሞቹ የሸጡት፥ በሐሰት ተከሶ በወህኒ ቤት የተጣለ፥ አባቱና አገሩ የራቁት ሰው ነበር። በእርሱ ስፍራ ያለ ሰው ስለ ራሱ ኀዘን ብቻ ቢያስብ ማንም አይፈርድበትም። እርሱ ግን አንድ ቀን ጧት ወደ ሁለቱ የፈርዖን ሹማምንት በገባ ጊዜ ፊታቸው እንደ ወትሮው አለመሆኑን አስተዋለ፤ አስተውሎም ዝም አላለም፥ ያገኛቸውን ነገር ጠየቃቸው (ዘፍ. ምዕ. 40)። ሕልማቸውን የነገሩት ስለ ጠየቃቸው ነው። የጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ ሁለት ዓመት ዘንግቶት ከቈየ በኋላ ለፈርዖን ያነሣው፥ ዮሴፍም ከወህኒ ወጥቶ በሰባቱ የራብ ዓመታት ግብፅንና የአባቱን ቤት የመገበው ከዚሁ ጥያቄ ተያይዞ ነው። አንድ እስረኛ የሌላውን እስረኛ ፊት አይቶ ዝም ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ነገሩ በዚያ በቆመ ነበር። እንዲህ ስንል ለእግዚአብሔር ሌላ መንገድ የለውም ማለታችን አይደለም፤ በዚህ መንገድ መሥራቱን ግን መጽሐፍ ይመሰክራል።

በዘመናችን የሥነ ልቡና ሊቃውንት ደግሞ ልብ ፊትን እንደሚለውጥ ሁሉ ፊትም ልብን ይለውጥ እንደ ሆነ መርምረዋል። ከሰዎች እኩሌቶቹን እስክሪብቶ በጥርሳቸው፥ እኩሌቶቹን በከንፈራቸው ብቻ እንዲይዙ አደረጓቸው፤ በጥርሱ የያዘ ሰው ሳያስበው የፈገግታ መልክ ይይዛልና። ከዚያም አስቂኝ ሥዕል አሳዩአቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመው በዚህ ጥናት፥ በጥርሳቸው የያዙት ሥዕሉ ይበልጥ አስቂኝ ሆኖ ታያቸው። ነገር ግን በ2016 ውጤታቸው የታተመው 17 ቤተ ሙከራዎች ይህንኑ ቢደግሙት ያንኑ ፍሬ አላገኙም። በ2022 ደግሞ በ19 አገሮች ከ3,800 በሚበልጡ ሰዎች ላይ የተደረገ ምርመራ ታተመ፤ የሌላውን ሰው ፈገግታ አስመስለው ፈገግ ያሉት ደስታቸው በጥቂቱ ሲጨምር፥ የእስክሪብቶው ዘዴ ግን አጠራጣሪ እንደ ሆነ ቀረ። እንግዲህ ፊት በልብ ላይ ኃይል አለው፥ ኃይሉ ግን ታናሽ ነው። «ፈገግ በሉ፤ ኀዘናችሁ ሁሉ ይጠፋል» እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎች ከማስረጃው አልፈው ሄደዋል።

ታናሽ መሆኑ ግን አያስንቀውም። ቤተ ክርስቲያናችን ሥጋ ነፍስን እንደሚያተጋት ከጥንት ጀምሮ ታውቃለች፤ ልባችን ትሑት እስኪሆን ሳትጠብቅ ስገዱ ትለናለች። በሰሙነ ሕማማት ጕልበታችን አስቀድሞ ወድቆ ልባችን ዘግይቶ የተከተለው ስንት ጊዜ ነው!

«ታዲያ በልባችን የሌለውን በፊታችን እናሳይ ማለት ነውን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ፥ እውነተኛ ደስታ አፍን ብቻ ሳይሆን በዓይን ዙሪያ ያለውንም ጡንቻ እንደሚያንቀሳቅስ አመልክቷል፤ በአፍ ብቻ የሚስቅን ሰው ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ይመስለኛል። ነገር ግን ጌታችን የነቀፋቸው ግብዞች ፊታቸውን ያጠወለጉ ጾመኞች እንጂ ያፈኩ አልነበሩም (ማቴ. ምዕ. 6)። ጾመኛው ፊቱን እንዲታጠብ ማዘዙ ከውዳሴ ከንቱ እንዲጠበቅ ነው፤ ነገሩ ግን ለቤተ ሰብም ይተርፋል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቈይቶ ቤቱን በቍጣ ዓይን የሚያስጨንቅ ሰው፥ ጾሙን ልጆቹና የቤት ሠራተኛው ጾመውለታል። ስለ ኀዘንተኛ ይህን አንናገርም። ጌታ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል፤ በልቅሶ ቤትም የፈካ ፊት ስድብ ነው።

ለካህናት ግን በመጽሐፈ ሳሙኤል አንድ ታሪክ አለ። ሐና በሴሎ በእግዚአብሔር ፊት ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ አፏን ይመለከት ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፥ ድምፅዋ አይሰማም፤ ስለዚህ የሰከረች መሰለችውና ገሠጻት። ዓይኑ አይቷል፥ እንደ ዮሴፍ ግን አልጠየቀም። እርስዋ ኀዘኗን በነገረችው ጊዜ ግን ተግሣጹን ትቶ በሰላም አሰናበታት፤ ሄዳም በላች፥ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም። ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም፤ ፊቷን የለወጡት ጸሎቷና ከካህኑ የሰማችው የሰላም ቃል ናቸው።

ዛሬም ወደ ንስሓ አባቱ የሚመጣ ሰው ከቃሉ በፊት ፊቱን ያነባል። የብዙ ዓመት ኃጢአቱን ሊናገር ቈርጦ፥ በቅጽሩ በር ሦስት ጊዜ ተመላልሶ በመጨረሻ የቀረበ ሰው፥ አባቱ ሰዓቱን ሲያይ ወይም ግንባሩን ሲቋጥር የተመለከተ እንደ ሆነ፥ የመጣበትን ትቶ ስለ አንድ የጾም ቀን ጠይቆ ይመለሳል። ካህኑ ምናልባት ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ደክሞት ይሆናል፤ ወይም ስለ ታመመ ልጁ እያሰበ ይሆናል። ተነሳሒው ይህን አያውቅም፤ የተናቀ ይመስለዋል። «ልጄ፥ ዛሬ ደክሞኛል፤ በአንተ አይደለም፤ ተቀመጥና ንገረኝ» የሚል ቃል በዚህ ጊዜ ከረጅም ስብከት ይበልጣል።

ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ቤት ተይዞ ሳለ ዘወር ብሎ የካደውን ጴጥሮስን ተመለከተው፤ በዚያች ሰዓት ቃል እንደ ተናገረው ሉቃስ አልጻፈም። ጴጥሮስ ወጥቶ አለቀሰ። ከዚያ ፊት ግን አልሸሸም፤ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የቆመው ጌታ መሆኑን በሰማ ጊዜ ታንኳው እስኪደርስ ሳይጠብቅ ራሱን ወደ ባሕር ጣለ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።