ወንዝ ወንድምን ይለያልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአፍሪካ መካከል ኮንጎ በሚባለው ታላቅ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት ዋና ከተሞች ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንዲቱ ኪንሻሳ፥ ሁለተኛዪቱ ብራዛቪል ትባላለች። ሊንጋላ የሚባለው ቋንቋ በሁለቱም ዳር ይነገራል፤ ነገር ግን በመካከላቸው እስከ ዛሬ ድልድይ የለም።

ወንዙን ወሰን ያደረገው ማን ነው ቢሉ፥ በዳሩ የሚኖሩት ሰዎች አይደሉም። በ1877 ዓ.ም.፥ በበርሊን ጉባኤ ሰሞን፥ አንዱ ዳር ለፈረንሳይ፥ ሌላው ዳር የቤልጅጉ ንጉሥ ሌዎፖልድ ላቆመው ማኅበር ሆነ። ሁለቱም አገሮች በ1952 ዓ.ም. ነጻ ወጡ፤ ወሰኑ ግን እንደ ጸና ቀረ። በ2006 ዓ.ም. በብራዛቪል ይኖሩ ከነበሩት የማዶ ሰዎች ከ100 ሺህ የሚበልጡት፥ ከፊሎቹ ተባረው፥ ከፊሎቹም ፈርተው ወደ ኪንሻሳ ተሻገሩ። ትናንት ጎረቤት የተባለው ዛሬ ባዕድ ተባለ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው ብለን እንዳናልፈው እኛም ተከዜ አለን። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ፈልቆ በዋግና በትግራይ መካከል ይወርዳል። አበርገሌ የሚባል አገር በወዲህም በወዲያም አለ፤ ኽምጣኛ የሚናገርም ከማዶ አይጠፋም። 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ከተሠራ ወዲህም ውኃው ሐይቅ ሆኖ የሁለቱንም ዳር ይነካል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ግን ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሕዝብ ቀዬውን ትቶ ወደ ሰቆጣ ተሰደደ። በማዶም ልጇን የቀበረች እናት አለች። እንግዲህ ጥያቄው የእኛ ነው፤ ወንዝ ወንድምን ከወንድም ይለያልን?

ወሰን በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ሲያስተምር ለሰው ልጆች የሚኖሩበትን ዳርቻ የመደበ እግዚአብሔር እንደ ሆነ፥ ሁሉንም ግን ከአንድ እንደ ፈጠረ ተናግሯል። ወሰን የተሠራው ማን የትኛውን መሬት እንዲያርስ፥ ማን በማን ላይ እንዲፈርድ ለማወቅ ነው። የመሬት ወሰን የፍቅር ወሰን በሆነ ጊዜ ግን ከሥራው ወጥቷል።

መጽሐፍ ስለ አንድ ወንዝ ሁለት ታሪክ ይነግረናል። በመጽሐፈ ኢያሱ እንደ ተጻፈ፥ ሮቤልና ጋድ የምናሴም ነገድ እኩሌታ ርስታቸው ከዮርዳኖስ ማዶ ስለ ነበረ፥ ወደዚያ ሲመለሱ በወንዙ አጠገብ ታላቅ መሠዊያ ሠሩ። የቀሩት ነገዶች ክህደት መስሏቸው ለጦርነት በሴሎ ተሰበሰቡ። ነገር ግን ጦር ከመምዘዛቸው አስቀድሞ ካህኑን ፊንሐስን ከ10 አለቆች ጋር ላኩ። የማዶዎቹ መልስ ምን ነበር ቢሉ፥ መሠዊያው ለመሥዋዕት ሳይሆን ለምስክር ነው የሚል ነበር። ነገ ልጆቻችሁ ልጆቻችንን ዮርዳኖስ በመካከላችን ወሰን ነው፥ ከእግዚአብሔርም ዕድል ፈንታ የላችሁም እንዳይሏቸው ፈርተን ነው አሉ። ፊንሐስ ይህን ሰምቶ ደስ አለው፤ ጦርነቱም ቀረ።

ሁለተኛው ታሪክ በመጽሐፈ መሳፍንት ነው። በዚያው ወንዝ መሻገሪያ ላይ የገለዓድ ሰዎች የኤፍሬምን ሰዎች በአንዲት ቃል አነጋገር እየለዩ ገደሏቸው፤ ሺቦሌት ማለት ተስኖት ሲቦሌት ያለ ሁሉ ታረደ። የሞቱትም 42 ሺህ ነበሩ።

ወንዙ ያው ወንዝ፥ ሕዝቡም ያው የያዕቆብ ዘር ነው። ልዩነቱ ምንድር ነው ቢሉ፥ በፊተኛው ጊዜ ለምን አደረጋችሁት ተብሎ ተጠየቀ፤ በኋለኛው ጊዜ ግን የተመረመረው ሥራው ሳይሆን ምላሱ ነበር። ሰው ስለ ሥራው በተጠየቀ ጊዜ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ በአነጋገሩ ከተፈረደበት ግን ምን መልስ ይኖረዋል?

ምናልባት አንድ የተበደለ ሰው፥ የፈሰሰው ደም ዝም ብሎ ይቅርን? ይል ይሆናል። አይቅር። ፊንሐስ ክሱን አልሸሸገም፤ በደል የመሰለውን ፊት ለፊት ተናገረ፤ ነገር ግን መልሱን ሳይሰማ አልፈረደም። መጠየቅ ፍርድን መተው አይደለም፤ የእውነተኛ ፍርድ መጀመሪያ ነው። በደለኛም ካለ በሥራው ይጠየቃል እንጂ በማዶ በመወለዱ አይጠየቅም።

ካህናት አባቶቼ ሆይ፥ የተላከው ካህን እንደ ነበረ ልብ በሉ። ወንዝ የሚሻገር ጠያቂ በጠፋ ጊዜ ወሬ ይሻገራል፤ ወሬም ጦርን ያስከትላል። ምእመናን ሆይ፥ እነዚያ የማዶ ነገዶች የፈሩት የዘመናቸውን ሰው ሳይሆን የነገውን ልጅ አፍ ነው። እኛስ በምድጃ ዳር ለልጆቻችን ስለ ማዶ ሰው የምንነግራቸው ምንድር ነው?

በየዓመቱ በጥምቀት በአጠገባችን ያለውን ውኃ በዮርዳኖስ አምሳል እንባርካለን። የተባረከው ውኃ በዚህ ዳር አይቆምም፤ ወርዶ ማዶ ያለውንም ያጠጣል። ውኃውን ባርኮ ጠጪውን መርገም እንዴት ይሆናል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።