ሳቀ ብለሽ አትላኪው

ልጄ፣ "ነገ ልላከው ወይስ ላስቀረው?" ያልሽኝን በስልክ በአንድ ቃል መልሼልሽ ማለፍ እችል ነበር። ግን ልጅሽ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ኬጂ የሚውል ልጅ ደግሞ ሆዱ በዓመት አንዴ ብቻ ታውኮ አይቀርም። ለነገ ብቻ የሚሆን መልስ ብሰጥሽ በሚመጣው ወር ደግመሽ መደወልሽ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያየሁትን፣ አያት ሆኜም የጨመርኩበትን ይዤ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ነገር፣ ውሳኔውን ለጠዋት አታቆዪው። ጠዋት ሰርቪሱ በር ላይ ጥሩንባውን ይነፋል፣ አንቺ ለቢሮ አርፍደሻል፣ ምሳ ዕቃው ተዘጋጅቷል፣ ልጁም ዩኒፎርሙን ለብሶ ይስቃል። በዚያ ሰዓት "ተሽሎታል" የማትል እናት አላየሁም። የልጅ ጉልበት ከሕመሙ ቀድሞ ነው የሚመለሰው፤ ሌሊቱን ሲያስመልስ ያደረ ልጅ ጠዋት ኳስ ይዞ ግቢ ውስጥ ይሮጣል። መሳቁ ለራሱ እንደቀለለው ይነግርሻል፤ ከጎኑ ለሚቀመጠው ልጅ ምን ይዞለት እንደሚሄድ ግን አይነግርሽም። ስለዚህ ማታ፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ ፊቱን ሳይሆን ሰዓቱን አይተሽ ወስኚ።

የምትቆጥሪው ሕመሙ ከጀመረበት ሰዓት አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ ካስመለሰበት ወይም ለመጨረሻ ጊዜ ቀጭን ካስቀመጠበት ሰዓት ጀምረሽ ሁለት ሙሉ ቀን፣ 48 ሰዓት ትቆጥሪያለሽ። ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ አስመልሶ ከዚያ ወዲያ ምንም ካልታየበት፣ ሁለቱ ቀን የሚሞላው ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ይሄዳል። ረቡዕ ከሰዓት እንደገና ቢያስቀምጠው ግን ያለፈው ቀረ፤ ቆጠራው ከዚያች ሰዓት እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህን ስታነቢ "ኧረ በስማም!" እንደምትይ አውቃለሁ። ወደ ሥራሽ ጉዳይ እመጣለሁ፣ ቆይ።

እንግሊዝ አገር ያሉ ትምህርት ቤቶች በዚሁ በ48 ሰዓት ነው የሚሠሩት። አሜሪካ ያለችው እህትሽ "እኛ ጋ አንድ ቀን ይበቃል" ብትልሽም አልዋሸችሽም፤ እዚያ በ24 ሰዓት የሚቀበሉ የሕፃናት ማቆያዎች ብዙ ናቸው። እኔ ወደ ረጅሙ የማደላው የእኛን ከተማ ስለማውቃት ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የትምህርት ቤቱ ሮቶ ባዶ በሆነበት ቀን ልጆቹ እጃቸውን የሚታጠቡት ከጆግ በሚንጠባጠብ ውሃ ነው፣ እሱም ከተገኘ። የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ ራሱን በደንብ አይጠርግም። የሚያጸዱት የትምህርት ቤቱ ሞግዚት ናቸው፤ እኚያው ሴትዮ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሌላውን ልጅ ሙዝ ይልጣሉ።

ልጆችን ድንገት የሚያስመልሳቸውና የሚያስቀምጣቸው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው። ኖሮቫይረስ የሚባለው ሰውን ለማሳመም እጅግ ጥቂት ቅንጣት ይበቃዋል፤ ልጁ ከዳነ በኋላም ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ በሰገራው ሊወጣ ይችላል። "ታዲያ ሁለት ቀን ማስቀረቱ ምን ይፈይዳል?" ትይኝ ይሆናል። በጣም የሚተላለፈው ሕመሙ ባለበት ጊዜና ከቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ስለሆነ ይፈይዳል። የቀረውን በሳሙናና በውሃ ትይዢዋለሽ። ሳሙናና ውሃ ማለቴን ልብ በይ፤ ከኮሮና ወዲህ ከቦርሳሽ የማይጠፋው ሳኒታይዘር ለዚህ ቫይረስ እምብዛም አይሠራም። "የሮታ ክትባት ወስዷል እኮ" ብለሽም አትዘናጊ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናት በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንታቸው በአፋቸው የሚወስዱት ይህ ክትባት ከከባድ የሮታ ተቅማጥ ያድናቸዋል፤ ኖሮቫይረስን ግን አያውቀውም።

ይህን ሁሉ ስልሽ ደግሞ ልጁን በሆነው ባልሆነው አስቀሪው ማለቴ አይደለም። የፋሲካ ለት ዶሮ ወጡንም ቅቤውንም ሲያግበሰብስ ውሎ በማግስቱ አንዴ ለስለስ ቢልበት ሕመም አይባልም። ተቅማጥ የምንለው በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ ቀጭን ሲያስቀምጠው ነው። ሳል ይዞት እያሳለ ያስመለሰ ልጅ አለ፤ በለቅሶ ብዛት የሚያስመልስ አለ፤ መኪና የሚያዞረውም አለ። ምክንያቱ ፊት ለፊት ከታየሽ፣ አንዴ ብቻ ከሆነና የሚቀጥለውን ምግብ በልቶ ከተስማማው ላኪው። ከክፍሉ ሌላ ልጅ ታሞ ከሆነ ግን አንዷንም እንደ ሕመም ቁጠሪያት። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ብቻ "ሆዴን!" የሚል ልጅም አጋጥሞኛል። የዚያን ልጅ ሆድ መመርመር ትርፉ ድካም ነው፤ ክፍል ውስጥ ማን እንደሚያስለቅሰው ቀስ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

አተት ገባ በተባለበት ወቅት ይህ ሁሉ ማመዛዘን ይቀራል። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሆነውን አንቺም ታስታውሺያለሽ። እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ተቅማጥ በላይ በላዩ ሲወርድ ሰዓት አይቆጠርም፤ ልጁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።

ቤት ስታውይው የምታደርጊውን ባጭሩ ልንገርሽ፤ አብዛኛውን ታውቂዋለሽ። ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጪ፤ አብዛኛው ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። "ጠንከር ይበልለት" ብለሽ ውሃውን አትቀንሺ፣ ይጎዳዋል። የተረፈውን በ24 ሰዓት ውስጥ ድፊው። ለእሱ ዕድሜ ባስቀመጠው ቁጥር ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ይጠጣ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ታገሺና በማንኪያ ቀስ እያልሽ ቀጥይ። ጤና ጣቢያ ዚንክ ከሰጡሽ ተቅማጡ ቢቆምም እስኪያልቅ ስጪው። ምግብ አትከልክይው፤ ገንፎም አጃም ሾርባም የሚወስደውን ያህል ይብላ። ለስላሳና የታሸገ ጁስ ግን ስኳራቸው ተቅማጡን ያብሰዋልና ይቅርበት። የትልቅ ሰው ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ለልጅ አይሰጥም። "አሜባ ነው" ብለሽም ሳታስመረምሪ ከመድኃኒት ቤት አትግዢ። እኛ አገር ሆድ በታወከ ቁጥር አሜባን መክሰስ ልማድ ሆኗል፤ ቫይረስ ደግሞ በዚያ መድኃኒት አይሞትም።

ደም የቀላቀለ ሰገራ ካየሽ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጠሽ ስትለቂው ቶሎ ካልተመለሰ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ጭራሽ መጠጣት ካቃተው፣ ሽንቱ ከጠፋ፣ ከፈዘዘና ስትቀሰቅሺው እንቢ ካለሽ፣ እኔን አትጠብቂኝ። ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ውጪ።

የጎረቤት ምክር መምጣቱ አይቀርም። አንዷ ጤና አዳም ትላለች፣ አንዷ ዓይን ነው ትላለች፤ እነሱን ቡና አጠጥተሽ መሸኘት ነው። "እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ" ወይም "ግጉ ይውጣለት" የምትል ከመጣች ግን በትሕትና አትለፊያት። ደም ሲፈሳቸውና ቁስሉ ሲያመረቅዝባቸው የመጡልን ሕፃናት ነበሩ፤ ተቅማጡም በዚያ አልቆመላቸውም። እናቴ ደግሞ ከሕመም የተነሣ ልጅ ቶሎ ደጅ ከወጣ ያገረሽበታል ብላ ቤት ታውለን ነበር። ነፋሱንና ፀሐዩን ነበር የምትፈራው። ስለ ቫይረስ የነገራት ሰው አልነበረም፤ የጎረቤቶቻችን ልጆች ግን ሳያውቁት ተጠቅመውባታል።

አሁን ወደ ሥራሽ ልምጣ፤ የጠየቅሽኝ በሱ ምክንያት መሆኑን አላጣሁትም። ልጅሽ በመቅረቱ ኬጂ አንድ ላይ የሚያመልጠው ትምህርት የለም፤ ፊደሉን ሳምንት ይደርስበታል። የጨነቀሽ አለቃሽን ማስፈቀዱ ነው። የምትሠሪው የግል ድርጅት ስለሆነ የሚመለከትሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። እሱ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ለገጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጣል፣ በበጀት ዓመት ውስጥ ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ። የልጅ ተቅማጥ "አሳሳቢ" ነው አይደለም ብሎ አለቃሽ ሊከራከርሽ ይችላል፤ እኔ ብሆን ከዓመት ፈቃዴ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ለእንዲህ ያለው ጊዜ አስቀምጥ ነበር። ለመስቀል ወደ አገር ቤት ለመሄድ ሁሉንም አትጨርሺው።

ባልሽስ? ደውለሽ ያማከርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ሥራ የምትቀሪውም አንቺ፣ ሌሊት አንሶላ የምታጥቢውም አንቺ። ማክሰኞን አንቺ ብትቀሪ ረቡዕን እሱ ይቅር። ልጁን ብርጭቆ ይዞ በማንኪያ ማጠጣት የሴት እጅ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። እንዲህ ስልሽ እናቱ እንዳይሰሙኝ እንጂ ለእሱም ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።

የቤት ሠራተኛሽን ነገር ደግሞ አደራ። ልጁን ስታጸዳ የምትውለው እሷ ናት፤ በሦስተኛው ቀን ሆዷን ስትታመም ግን ዝም ብላ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ማን ጠየቃት። እሷም ብትታመም ያው ሁለት ቀን ማዕድ ቤት አትግባ፤ ደመወዟም አይነካ። ፖፖውን፣ የሽንት ቤቱን በር እጀታና ያስመለሰበትን ወለል በበረኪና አጽዱት። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት፣ ጢሱ ደረት ይጎዳል። ትልቋ ልጅሽ ምንም ካልተሰማት ትምህርቷን ትቀጥል፤ እሷን የሚያስቀራት ነገር የለም።

ለትምህርት ቤቱ እውነቱን ጻፊ። ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ላይ "ጉንፋን ይዞት ነበር" ብለው የሚልኩ እናቶች አሉ፤ ተቅማጥ መጻፍ ያፍራሉ። ሚስ ግን "ሰኞ አስመልሶታል፣ አስቀምጦታል" የሚል ካነበበች የሌሎቹንም ልጆች ሆድ ትከታተላለች፤ ሁለት ሦስት እናቶች ተመሳሳይ ከጻፉላት ደግሞ ወይ ውሃው ወይ ምግቡ እንዲታይ ታደርጋለች። ጉንፋን ብለሽ ከጻፍሽላት ይህን ሁሉ በምን ታውቀዋለች?

ሐሙስ ስትልኪው ቦርሳው ውስጥ አንድ ቅያሪ ሱሪ፣ ላስቲክ ከረጢትና የራሱን የውሃ ኮዳ ክተቺለት፤ ከሌላ ልጅ ኮዳ እንዳይጠጣ ንገሪው። ለሁለት ሳምንት ያህል ከወትሮው አንድ ተጨማሪ ምግብ በቀን ይብላ፣ የቀነሰውን ኪሎ እንዲመልስ። ከሰዓት ስትቀበይው ሽንት ቤት ስንቴ እንደሄደ ሚስን ጠይቂያት፤ የምትነግርሽ ካልጣመሽ ማታውኑ ደውዪልኝ፣ እስከ 4 ሰዓት አልተኛም።