ተወኩል እና የእሳቱ ተራራ



ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፦ በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት ሜራፒ የሚባል ተራራ አለ፤ ትርጉሙ «የእሳት ተራራ» ነው። የውቅያኖሱ ወለል በደሴቲቱ ሥር ሲሰጥም ይዞት የሚገባው ውሃ የጋለውን አለት ያቀልጠዋል፤ ቅላጩም ወደ ላይ ይወጣል። ተራራው ራሱ በአመድና በላቫ ድርብርብ የተገነባ ነው። ያው አመድ እርሻውን ስለሚያለማ ሰዎች ከግርጌው አይርቁም። ሱብሓነላህ! ሪዝቁም አደጋውም ከአንድ ቦታ።

በ2010 እ.ኤ.አ. መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፤ የተራራው ጎን አበጠ። ባለሙያዎች አስጠነቀቁ። ኦክቶበር 26 ፈነዳ። ከሁሉ የከፋው ግን ለጁሙዓ አጥቢያ፣ ኖቬምበር 5 ሌሊት መጣ፤ የሚያቃጥል አመድና ጋዝ ቁልቁል ተንደረደረ። በጠቅላላው ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። አስቀድመው ቀያቸውን የለቀቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ደግሞ ተረፉ።

የወጡት ኢማናቸው ጎድሎ ነው? በፍጹም! ማስጠንቀቂያውም የአላህ ራሕመት ነው። ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለእርሱ መተው ነው ተወኩል። ሐኪም «ደም ግፊትህ ጨምሯል፣ መድኃኒትህን ውሰድ» ሲልህ «አላህ ያውቃል» ብለህ ብትተኛ ይህ ስንፍና እንጂ ተወኩል አይደለም። ተውበትን «ነገ» እያሉ ማቆየትም እንዲሁ ነው።

ዛሬ ከሰላት በኋላ ራስህን ጠይቅ፦ ሰምቼ ያለፍኩት ማስጠንቀቂያ የትኛው ነው?

አላህ ሰምተው ከሚነሱት ያድርገን። አሚን! ጁሙዓ ሙባረክ።