«ገና ነው»

የዶክትሬት ጥናታቸውን የሚጽፉ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ጥያቄ «ከምን ደረሰ?» የሚለው ነው። ጠያቂው ክፋት የለውም፤ ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንደ ሰላምታ ይጠይቃቸዋል። መልሳቸውም አንድ ነው፤ «ገና ነው»። የእንዲህ ዓይነት ሰዎችን ረቂቅ እንዳነብ፣ አማርኛውንም እንዳርም ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ ይህችን መልስ ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። እየቆየሁ ስሄድ ግን ለሁሉም አንድ ትርጉም እንደሌላት ተረዳሁ። አንዳንዱ ገና እየሠራ ነው። ሌላው ገና እየተደበቀ ነው።

ነገሩን ስንፍና ነው ብሎ መደምደም ይቀናናል። ጨዋ የሆነው ደግሞ «ተነሳሽነት አጣ» ይላል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ሰነፍ ሰው ጥሩ እንቅልፍ ይተኛል። የማውቀው አንድ የታሪክ ተማሪ ግን እንቅልፍ የለውም። ቀን እያስተማረ፣ ልጆች እያሳደገ፣ ሌሊት ሌሊት ይጽፋል። የሚጽፈው ግን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ነው፤ ለአምስተኛ ጊዜ። አዲስ መጽሐፍ ባነበበ ቁጥር የጻፈው ሁሉ ያሳፍረውና ከመግቢያው ይጀምራል። አማካሪውን ካነጋገረ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። ሰውየውን ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል። «ባዶ እጄን ምን ብዬ እቀርባለሁ?» አለኝ። እጁ ባዶ አልነበረም፤ ጠረጴዛው ላይ ከመቶ ገጽ በላይ ተቆልሏል።

ለመሆኑ ይህን ሰው ምን ጎደለው? ፍላጎት አይደለም። ያልበሰለ ነገር ለሰው የማሳየት ድፍረት ነው። ይህ ደግሞ ከጊዜ አጠቃቀም ይልቅ የግብረ ገብ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ፤ ከጀርባው ኩራት አለና። «ከእኔ እጅ የሚወጣ ሥራ እንከን ሊኖርበት አይገባም» የሚለው ኩራት ራሱን ትሕትና አስመስሎ ይቀርባል።

የዶክትሬት ትምህርት በአገራችን ዕድሜው አጭር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን የዶክትሬት ፕሮግራሞች የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ያልበሰለ ሥራን ለመምህር የማቅረብ ሥርዓት ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቀን በየዛፉ ሥር ተቀምጦ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርማል፣ ያቃናል፣ አንዳንዴም ጓደኞቹ እየሰሙ ያፈርስበታል። ተማሪው በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ወደ ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። መወድሱ እስኪሟላልኝ አፌን አልከፍትም ብሎ የተደበቀ ተማሪ ባለቅኔ ሲሆን አልሰማንም። ልብ በሉ፤ እዚያ «ዛሬ ተነሳሽነት አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሲመሽ ነገራ አለ፤ አለቀ።

ለወዳጄም ያልሁት ይህንኑ ነው። ዓርብ ዓርብ ሁለት ገጽ፣ ከፋም በጀም፣ ለአንድ አንባቢ ስጥ አልሁት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልን እንጽናናለን። ተረቱ እውነት ነው፤ ዶሮዋን ግን ረስቷታል። ያ እንቁላል እግር የሚያወጣው 21 ቀን ያህል የምትታቀፈው ስላለች ነው። ጥሬ ለመልቀም ትነሣለች፤ ሳይቀዘቅዝ ትመለሳለች። ከጽሑፉ ስድስት ወር የራቀ ሰው ግን ሲመለስ የገዛ ማስታወሻውን ማን እንደጻፈው እንኳ ግራ ይገባዋል።

ስለ እንከን ካነሣን የአልበርት አይንስታይንን ነገር መጥቀስ ይገባል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1901 ለዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ያስገባውን ጽሑፍ ጥቂት ወራት ቆይቶ መልሶ ወሰደው። በ1903 ለወዳጁ ሲጽፍ ዶክተርነቱ ብዙም እንደማይረባው፣ ነገሩም እንደሰለቸው ገለጸ። በበርን ከተማ የፓተንት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ እየሠራ፣ በ1905 ስለ ሞለኪውሎች መጠን አጭር ጥናት አቀረበ፤ ተቀባይነትም አገኘ። ጥናቱ ግን የስሌት ስህተት ነበረበት! ስህተቱ የተፈለገው ሌሎች በሙከራ ያገኙት ቁጥር ከእሱ ቁጥር ጋር አልገጥም በማለቱ ነው፤ እርማቱም በ1911 ታተመ። ጽሑፉ መሳቢያ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ስህተቱም አብሮ ይቀመጥ ነበር።

ወዳጄ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት። ለጥናቱ ሲል ገጠር ለገጠር ዞሮ አዛውንቶችን አነጋግሯል። ቡና አፍልተው፣ የትውልድ ሐረጋቸውን ቆጥረው፣ የርስት ሙግታቸውን አንድ በአንድ ነግረውታል። ከእነሱ መካከል ያረፉ አሉ። የነገሩት እሱ ዶክተር እንዲባል ብለው አልነበረም። እኔ የተጀመረ ሁሉ የግድ ይለቅ አልልም። ጤናው የታወከ፣ ቤቱ ሊፈርስ የደረሰ፣ ወይም መነሻ ሐሳቡ ከንቱ መሆኑን ያረጋገጠ ሰው ጥናቱን ቢተው ነውር የለበትም። የሰው ቃል ተቀብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ቢተወው እንኳ ካሴቱንና ደብተሩን ለሚሠራበት ሰው ማስረከብ አለበት።

«እንግዲያ የተዝረከረከ ሥራ ይቅረብ ነው የምትለን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለዕድገትና ለደመወዝ ሲባል በጥድፊያ የተጠረዘ ጥናት አንብቤያለሁ፤ ደስ አይልም። የምከራከረው ለጥድፊያ አይደለም። መዘግየት በራሱ ነውር አይደለምና።

መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት የግእዝ መዝገበ ቃላት በእሳቸው ዕድሜ አላለቀም። ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተላለፈ። አለቃ ኪዳነ ወልድም ብዙ ዘመን ደክመውበት፣ ኅትመቱን ሳያዩ በ1936 ዓ.ም. አረፉ። እሳቸውም ቢሆኑ «ከምን ደረሰ?» ቢባሉ «ገና ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ወረቀቱን ግን ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ያውቁት ነበር። በመምህራቸው ስም በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። የአለቃ ደስታ የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው።