ሰደቃችንና ስልካችን



ረመዳን በመጣ ቁጥር ስልካችንን ከሚያጨናንቁት ምስሎች አንዱ የሰደቃ ምስል ነው። ዘይት፣ ዱቄትና ቴምር የያዘ ፌስታል፣ የሚያቀብል ወጣት፣ የምትቀበል እናት፤ ሁለቱም ወደ ካሜራው ዞረዋል። ከሥሩ የ«ማሻአላህ» መዓት ይከተላል። መስጠቱን የሚጠላ ሙስሊም የለም። ጥያቄዬ ስለ ምስሉ ነው። ለመሆኑ ይህን አይተን ስለ ሰጪውም ሆነ ስለ ተቀባይዋ ምን ያወቅን ይመስለናል?

ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 273ኛው አንቀጽ ሰደቃ ስለሚገባቸው ድሆች ሲነግረን፣ ራሳቸውን ከመጠበቃቸው የተነሣ የማያውቃቸው ሰው ባለጸጋ አድርጎ የሚገምታቸውን ያነሣል። ሰውን አያስጨንቁም፣ ችክ ብለው አይለምኑም። እነዚህን ሰዎች በየሰፈራችን እናገኛቸዋለን። ልብሱን አጥቦ ለጁምዓ የሚመጣ፣ ቤቱ ግን እሳት ያልተለኮሰበት አባት አለ። የቤት ኪራይ ተጨምሮባት ለማንም ያልተነፈሰች እናት አለች። በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ግን አናያቸውም፤ ካሜራ ያለበት ሰልፍ ላይ አይቆሙምና። እነዚህ መገናኛዎች ብዙ ሰው ቆም ብሎ ያየውንና የተነጋገረበትን ለሌላው ደግመው እንዲያሳዩ ሆነው የተሠሩ ናቸው። እንባ ደግሞ ሰውን ያቆማል። ስለዚህ ዓይናችን ቀስ በቀስ የሚያለቅሰውን ብቻ ድሃ ነው ማለት ይለምዳል፤ ያላለቀሰውን «ይሄ ደግሞ ምን ጎደለው?» ብለን እናልፈዋለን። አንቀጹ ያነሣው የማያውቃቸው ሰው እኛው ሆነን ተገኘን ማለት ነው።

በሰፈሬ የማውቃት አንዲት እናት አለች። ባለቤቷ በሕይወት ሳለ ረመዳን በመጣ ቁጥር በደጇ የሰፈሩን ሰው ስታስፈጥር የኖረች ናት። ፌስታል ይዛ የተነሣችው ምስል በማግሥቱ ልጇ በሚማርበት ትምህርት ቤት ከስልክ ስልክ ዞረ፤ ልጁም ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ሦስት ቀን ቤት ዋለ። በቀጣዩ ረመዳን ስሟ ሲጠራ አልመጣችም። ምስሉን ያየ ሁሉ የሚያውቃት እጇን ስትዘረጋ ነው፤ ስታስፈጥር ያነሣት ሰው አልነበረም። በዚሁ ሱራ 264ኛው አንቀጽ ተቀባዩን እየጎዳን የሰደቃችንን ምንዳ እንዳናጠፋ ተከልክለናል። ይህ መጉዳት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ሰጪውስ? ያ ወጣት ክፉ አይደለም፤ በጾም አንደበቱ ጆንያ ሲሸከም የዋለ ነው። ሪያም ጥንት የነበረ በሽታ እንጂ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2009 «ላይክ» የሚባለውን ምልክት ሲያወጣ የመጣ አይደለም። አዲሱ ነገር አድናቆት በቁጥር ተሰፍሮ ማታ ማታ ለባለቤቱ መቅረቡ ነው። ቁጥሩ ለጋስ ነህ ይለዋል፤ እሱም ያምናል። ኢማም አል-ገዛሊ በባግዳድ ኒዛሚያ መድረሳ 300 ያህል ተማሪዎች ነበሯቸው። ኒያቸውን ሲመረምሩ ከአላህ ውዴታ ይልቅ ክብርና ዝና አገኙበትና እ.ኤ.አ. በ1095 ወንበሩን ትተው ወጡ። እሳቸውን 300 ሰው ካሰጋቸው፣ ሠላሳ ሺህ ተመልካች የሚከተለው ወጣት እንዴት አይሰጋ?

የሑሰይን ልጅ ዓሊ ዘይኑል ዓቢዲን በመዲና በሌሊት ዱቄት ተሸክመው በየድሃው ደጅ ያደርሱ እንደነበር ተዘግቧል። ተቀባዮቹ ሰጪው ማን እንደነበር ያወቁት እሳቸው ሞተው ስንቁ ሲቋረጥ ነው። ገላቸውን ያጠቡትም የሸክሙን ምልክት በጀርባቸው ላይ አይተዋል።

«ሌላውን ለማነሣሣት ነው» የሚሉ አሉ። ባዶ ክርክር አይደለም። ቁርኣን መደበቁን ቢያስበልጥም በግልጽ መስጠትንም መልካም ብሎታል። የተራቆቱት የሙደር ሰዎች ወደ መዲና በመጡ ጊዜ ከአንሷር አንዱ ለእጁ የከበደውን ከረጢት በጀመዓው ፊት አመጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ የረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት በደስታ በራ። ልብ በሉ፣ ሌላውን ያነሣሣው የሰጪው ከረጢት ነው። የሙደርን ሰው «ከረጢቱን ያዝና ወደዚህ ዙር» ያለው አልነበረም።

በጂዳም ሆነ በዋሽንግተን ሆነው ገንዘብ የሚልኩ ወንድሞቻችን ማስረጃ ቢጠይቁ ሐቃቸው ነው። ደረሰኝ፣ የተፈረመበት ዝርዝርና የተደረደረው ጆንያ ፎቶ ይበቃቸዋል። ዝርዝሩም ለላኪው እንጂ ለአደባባይ አይደለም።

የየመስጊዱ ኮሚቴዎች ሆይ! ለመጪው ረመዳን ስም ከመመዝገባችሁ በፊት ስለ ስልኩ ተነጋገሩ። የሚቻል ከሆነ ፌስታሉን ከተራዊሕ በኋላ በየቤቱ አድርሱት። የዚያችን እናት ስም ጎረቤት ዳግም ቢሰጣችሁ፣ ስልኩን ቤቱ ትቶ በሯን የሚያንኳኳ አንድ ሰው ላኩላት።