ወደ ኡፕሳላ የሚሄድ ሰው ምን ይዞ ይሂድ?

ሰው ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ልብስና ስለ ስንቅ ነው። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ብርድ ወደ በረታበት አገር ካፖርት ሳይዙ መሄድ ሞኝነት ነውና። ነገር ግን የመንገደኛ ዝግጅት ሁለት ወገን አለው፤ አንደኛው የሻንጣ፣ ሁለተኛው የአእምሮ ነው። ከሻንጣው ዕቃ የጎደለበት ሰው በደረሰበት ከተማ ገዝቶ ይሞላዋል፤ አእምሮውን ሳያዘጋጅ የሄደ ግን ዐይቶ እንዳላየ ሆኖ ይመለሳል።

በሚመጣው ሰኔ በስዊድን አገር ያለችውን ኡፕሳላን ለመጎብኘት አስቤአለሁ። ይህች ከተማ ከስቶክሆልም በስተ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ እ.ኤ.አ. በ1477 የተመሠረተ ሲሆን፣ በስካንዲኔቪያ አገሮች ካሉት ሁሉ የመጀመሪያው ነው። የካቴድራሏም ግንብ ወደ 119 ሜትር ከፍ ብሎ ከሩቅ ይታያል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ወደ እንዲህ ያለ የታወቀ የዕውቀት ስፍራ የሚሄድ ሰው በምን ልብ ሊሄድ ይገባዋል? እንደ ተሳላሚ ነውን ወይስ እንደ ዳኛ?

አስቀድመን ስለ ተሳላሚው እንናገር። ተሳላሚ ያየውን ሁሉ ይስማል፤ አይጠይቅም። እርሱ ኡፕሳላ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሄደው ካርል ሊኔየስ ወዳስተማረበት የአትክልት ስፍራ ይሆናል። በእውነትም ሊኔየስ ክብር የሚገባው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱን ተክል በሁለት ቃል ስለ ሰየመው፣ ቋንቋቸው የተለያየ ምሁራን ስለ አንድ ተክል ሲነጋገሩ ለመግባባት ቻሉ። ይሁን እንጂ በዚያው መጽሐፍ ቡናን «ኮፌያ አራቢካ» ብሎ የዐረብ አደረገው። ቡና ግን በዱር የሚበቅልበት አገሩ የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን ነው። ለአውሮፓ ቡና የተሰማው በዐረብ በኩል ስለ ነበረ፣ ያለፈበት መንገድ እንደ ትውልድ አገሩ ተቈጠረለት።

የቡናው ስም ማንንም አልጐዳም። የሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1758 በታተመው መጽሐፉ ሊኔየስ የሰውን ልጅ በአራት ወገን ከፍሎ ለየወገኑ ጠባይ ሰጠ፤ አውሮፓዊውን በሕግ የሚመራ፣ አፍሪካዊውን ግን ሰነፍና በዘፈቀደ የሚመራ አድርጎ ጻፈው። እርሱ ራሱ አፍሪካን ረግጦ አያውቅም ነበር። አንዳንዶች «የዘመኑ ልጅ ነበር» ይላሉ። ይህ ነገሩን ያስረዳ ይሆናል እንጂ ንጹሕ አያደርገውም። የአበባን ክፍል በዐይኑ ዐይቶ በጣቱ የሚቈጥር ሰው ስለ ሰው ሲጽፍ በመንገደኞች ወሬ ተመርቷል፤ ስለዚህ የጎደለው የዘመኑን ሚዛን ብቻ ሳይሆን የራሱንም ሚዛን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ዳኛው እንመለስ። ይህን የሰማ ዳኛ ወዲያው ይፈርዳል። ለፍርዱም ተጨማሪ ማስረጃ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ1922 በዚችው በኡፕሳላ የዘር ጥናት የመንግሥት ተቋም ተከፈተ፤ ኸርማን ሉንድቦርይ የተባለው ኃላፊም የሳሚን ሕዝብና የሌሎችን ራስ እያስለካ ሰውን በደረጃ ለመመደብ ደከመ። ዳኛውም «ከዚህ ከተማ ምን በጎ ነገር ይወጣል?» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል።

ነገር ግን በሉንድቦርይ ስፍራ ቀጥሎ የተሾመው ጉናር ዳልበርግ የዘረኞችን ትምህርት በጽሑፍ ተቃውሟል። ደግሞም ዮሐንስ ኮልሞዲን የሚባል የዚያው ዩኒቨርሲቲ ምሁር ነበረ። እርሱ የማንንም ራስ አልለካም። ትግርኛ ተምሮ ወደ ኤርትራ ሄደ፤ ከሽማግሌዎች አጠገብ ተቀምጦ የጸዓዘጋንና የሐዘጋን ታሪክ ከአፋቸው ሰማ፤ የሰማውንም በራሳቸው ቋንቋ ጽፎ ከ1912 ጀምሮ አሳተመ። በኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ በ1933ም በዚሁ ዐረፈ። አንድ ከተማ ሜትር የያዘውንም ጆሮውን ያቀናውንም አስተምራለች። ታዲያ ዳኛው የትኛውን ኡፕሳላ ነው የፈረደባት?

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ፣ ከስዊድን መጥተው ላስተማሩ ሰዎች ውለታ አለብኝ። «ውለታ ያለበት ሰው የባለ ውለታውን አገር ጉድ ያነሣልን?» የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ ይህ ነው፤ ምስጋናና ይሉኝታ አንድ አይደሉም። ምስጋና እውነትን አይፈራም፤ እውነትን የሚፈራው ይሉኝታ ነው። ያንን የራስ ልኬት ታሪክ መርምረው የጻፉት የስዊድን ምሁራን ራሳቸው ሲሆኑ፣ እንግዳው ባላየ ቢያልፍ ማንን አከበረ ይባላል?

ሚዛኑን ያነሣ ሰው ግን ራሱንም ይመዝን። በአገራችን ማረሻውን የሠራውን ቀጥቃጭና ማሰሮውን የሠራችውን ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» እያልን በማዕድ ስንለያቸው ኖረናል። ባርነት በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ሰውን በደረጃ ለመመደብ ሜትርና መጽሐፍ አላስፈለገንም፤ ወሬ ብቻ በቃን። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ሊኔየስን ሲወቅስ ግማሽ እውነት ይናገራል።

እንግዲህ፣ ወጣት አንባቢዎቼ፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን የአባቶችን ቃል ለመንገድም ስንቅ አድርጉት። ተሳላሚውም ዳኛውም ጉድለታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሳይሰሙ ይሰይማሉ። ሊኔየስን የምንወቅሰው በዚህ ከሆነ፣ ስለ እርሱ ከተማ እኛው ያንኑ ልናደርግ አይገባንም። ከመሄዳችሁ በፊት ስለምትሄዱበት ስፍራ ክብሩንም ጥፋቱንም አንብቡ፤ የራሳችሁን አገር ታሪክ እወቁ፤ ከፍርድ ይልቅ ጥያቄ አዘጋጁ። ከዚያም ደርሳችሁ ስትጠይቁ የሚመልሰውን ሰው እስኪጨርስ ድረስ ስሙት።