ሳይሰሙ «እሺ» ማለት

የሥነ ምግባር ጥያቄ ሁልጊዜ ከታላላቅ ጉዳዮች ብቻ አይነሣም። በዕድሜ ብዛት ጆሮአቸው የደከመ አንድ አባት፣ ልጃቸው የነገራቸውን ሳይሰሙ «እሺ» ብለው ራሳቸውን ቢነቀንቁ፣ ዋሹ ይባላልን? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በየቤታችንና በየቁምስናችን ዕለት ዕለት የሚታይ ነገር ስለ ሆነ፣ ጥቂት ቆም ብለን ልናስብበት ይገባናል።

አስቀድመን የነገሩን ጠባይ እንመልከት። በውስጠኛው የጆሮ ክፍል ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። እነዚህ በዕርጅና፣ በኃይለኛ ጩኸት፣ በአንዳንድ በሽታና መድኃኒት ምክንያት ከሞቱ ተመልሰው አይተኩም። በዕድሜ የሚመጣው ድካም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭኑ ድምፅ ነው። «ሰ»ን እና «ፈ»ን የመሳሰሉት ድምፆች የሚለዩት በዚሁ ስለ ሆነ፣ ሰውየው የንግግሩን ጉምጉምታ እየሰማ ቃሉ ያመልጠዋል፤ «ሠራ» ይባል «ፈራ» አይለይለትም። «ድምፁ ይሰማኛል፣ ነገሩ ግን አይገባኝም» የሚሉት ስለዚህ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ከአንድ ሰው ጋር በደኅና ይነጋገራል፤ ሰው በተሰበሰበበት ግን ምንም አይጨብጥም። ቤተ ሰቡም ይህን ባለማወቅ «ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ አይሰማም» እያለ በከንቱ ያማዋል።

ድካሙ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ባለቤቱ ራሱ ቶሎ አያስተውለውም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው የአባቶች ተረት በዚህም በኩል እውነት ይሆናል። ችግሩም የጥቂቶች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በልዩ ልዩ መጠን የመስማት ችግር እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም 430 ሚሊዮን ያህሉ ርዳታ የሚያስፈልጋቸው መሆኑን ገልጧል።

አሁን ወደ ጥያቄአችን እንመለስ። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ ውሸት ሲያስተምር፣ ውሸት በአንደበት ብቻ ሳይሆን በምልክትም ሊፈጸም እንደሚችል ያስረዳል። እንግዲህ የራስ መነቅነቅም ምልክት ነውና፣ ያልሰማ ሰው እንደ ሰማ ሆኖ ሲነቀንቅ ከእውነት ፈቀቅ ማለቱ አይካድም። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። በእኛ ዘንድ «እሺ» የሚያስር ቃል ነው። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ነግሮአቸው ሳይሰሙ «እሺ» ያሉ እናት ጤናቸውን ለአደጋ ያጋልጣሉ። በእድር ስብሰባ፣ በዋስትና፣ በኑዛዜ ጊዜ ሳይሰሙ «እሺ» ያሉ አባትም በማያውቁት ነገር ይታሰራሉ።

ነገር ግን የአንድን ሥራ ክብደት ስንመዝን የሠሪውን ሐሳብም መመርመር አለብን። እኒህ አባት የሚነቀንቁት ሰውን አታለው ለመጠቀም አይደለም፤ አፍረው ነው፤ ሰውን ማስቸገርም ከብዷቸው ነው። ኀፍረቱ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከታላቁ የሙዚቃ ሰው ከቤትሆቨን ሕይወት እንማራለን። እ.ኤ.አ. በ1802 ዓ.ም.፣ ገና በ31 ዓመቱ፣ ለወንድሞቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከሰው የሸሸው ሰውን ጠልቶ ሳይሆን መስማት እየተሳነው መሆኑን መናገር ስላቃተው እንደ ነበር ገልጧል።

ይህን ኀፍረት ማን አሳደረባቸው? «ምን አልክ?» ብለው ሲጠይቁ አንድ ጊዜ ይደገምላቸዋል፤ ሁለተኛ ሲጠይቁ በቁጣ ይጮኽባቸዋል፤ ሦስተኛ ሲጠይቁ «ተወው፣ ምንም አይደለም» ይባላሉ። ከዚያ በኋላ አራተኛ የሚጠይቅ ማን ነው? «ምንም አይደለም» የሚለውም ቃል ራሱ እውነት አይደለም። አንድ ነገር ተነግሮአልና፤ ሌሎችም ሰምተው ስቀውበታልና። ስለዚህ ሳይሰሙ «እሺ» ማለትና «ምንም አይደለም» ብሎ መተው የአንድ ውሸት ሁለት ፊት ናቸው እንላለን። ደካማው የሚዋሸው ብርቱው ስለሰለቸው ነው፤ የሚበልጠውም ዕዳ የብርቱው ነው።

ይህን ስንል ግን የሚያስታምሙትን ድካም አንዘነጋም። አንዱን ነገር በቀን አሥር ጊዜ የምትደግም ልጅ ትዕግሥቷ ቢያልቅ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ ግዴታው በሁለቱም ወገን ነው። የማይሰማው ሰው «አልሰማሁም፣ ድገምልኝ» የማለት፣ ሊታከም የሚችለውንም የመታከም ግዴታ አለበት። አንዳንዱ ድንቁርና በኩክ መደፈን ወይም በጆሮ ቁስል የሚመጣ ስለ ሆነ ሐኪም ሊረዳው ይችላል። በእንጨትና በክብሪት መጎርጎር ግን ጉዳቱን ያብሳል። ጆሮ በድንገት ሲዘጋ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። የመስሚያ መሣሪያም የተገኘለት ሰው በሦስት ቀን ተስፋ ቆርጦ ሣጥን ውስጥ ሊጥለው አይገባም፤ መሣሪያው የቀድሞውን ጆሮ አይመልስም፤ አንጎልም እስኪለምደው ሳምንታት ይፈጅበታል።

ተናጋሪው በበኩሉ ከመጮኽ ይልቅ ይቅረብ፤ ጩኸት ድምፁን ያጎላዋል እንጂ ቃሉን አያጠራውም። ፊቱን በብርሃን በኩል አድርጎ፣ አፉን ሳይሸፍን፣ ረጋ ብሎ ይናገር፤ ሬዲዮውን ይዝጋ፤ አልሰማ ያለውንም ነገር በሌላ ቃል ይግለጠው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታችን ደንቆሮውን ሰው ከሕዝቡ ለብቻው ወስዶ፣ ቃል ከመናገሩ አስቀድሞ ጆሮውንና ምላሱን እንደ ዳሰሰ እናነባለን። ለማይሰማው በሚገባው ቋንቋ ቀረበው ማለት ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ከዚህ ሥርዓት ሊማሩ ይችላሉ። ጆሮአቸው ለደከመ ምዕመናንም ንስሐ በጆሮ ጆሮ ሊሰሙበት ከሚያስቸግረው ሥፍራ ይልቅ፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ዝግ ክፍል መዘጋጀት ይገባዋል።

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 ደንቆሮን መስደብን የሚከለክለው፣ የተሰደበው ሰምቶ ሊመልስ ስለማይችል ነው ብለን እናስባለን። እፊቱ ተቀምጦ ስለ እርሱ እንደሌለ አድርጎ መነጋገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፦ ሳይሰሙ «እሺ» ማለት ከእውነት ይጎድላል፤ ነገር ግን «አልሰማሁም» ማለት የማያሳፍርበትን ቤት ሳንሠራ በደካማው ላይ ልንፈርድ አይገባንም።